ማኅተም የማይመታበት ቪዛ

ኤሌክትሮኒክ ቪዛ የኤምባሲን ወረፋ አስቀርቷል። የኤምባሲውን ጸሐፊ ሥራ ግን ወደ ቤትዎ አምጥቶታል። ከቤተሰብ ጋር ከመጓዝዎ በፊት ሊያውቋቸው የሚገቡ ነገሮች እነሆ።

«ቪዛ ተመታለት» የሚለው ዜና በየቤታችን የደስታ ዜና ነው። ዘመድ ይደዋወላል፣ ቡና ይፈላል፣ «መቼ ነው በረራው?» ይባላል። አነጋገሩ የመጣው ከማኅተሙ ነው። የኤምባሲው ሠራተኛ ፓስፖርቱን ገልጦ ማኅተም ይመታል ወይም ተለጣፊ ወረቀት ይለጥፋል፤ ባለጉዳዩም ያንን ገጽ እየገለጠ ለቤተሰቡ ያሳያል። ዛሬ ለብዙ አገሮች የሚመታ ነገር የለም። ማመልከቻው በድረ ገጽ ይሞላል፣ ክፍያው በካርድ ይከፈላል፣ መልሱ በኢሜይል ይመጣል። ቪዛው በስልክ ውስጥ የሚቀመጥ አንድ ገጽ ሰነድ ነው።

እፎይታው ትልቅ ነው። ሥራ አስፈቅዶ በጠዋት መሰለፍ፣ ፓስፖርትን ለሳምንታት ማስረከብ፣ ከክፍለ ሀገር አዲስ አበባ ድረስ መመላለስ ቀርቷል። ሆኖም ከወረፋው ጋር አብሮ የቀረ ሌላ ነገር አለ። በድሮው አሠራር ከመስኮቱ ማዶ ሰው ነበር። ቅጹን ተቀብሎ ያነብባል፤ «የልደት ቀኑ ከፓስፖርቱ ጋር አይገናኝም፣ አስተካክለው ይምጡ» ብሎ ይመልሳል። ሰውየው ያበሳጭ ይሆናል፤ ግን ስህተቱን አስቀድሞ ያገኘዋል። ኮምፒዩተሩ አብዛኛውን ጊዜ የጻፉለትን እንዳለ ይቀበላል። ስህተቱ የሚታወቀው ብዙ ጊዜ በመጨረሻው ሰዓት፣ ሻንጣው ቦሌ ላይ ሚዛን ከወጣ በኋላ ነው።

ስለዚህ ኢ-ቪዛ ሲያመለክቱ አመልካችም ጸሐፊም እርስዎ ነዎት። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ያንን የጸሐፊነት ሥራ በደንብ ለመሥራት የሚረዳ ነው።

«ኦንላይን ነው» ሁሉ ኢ-ቪዛ አይደለም

የመጀመሪያው ግራ መጋባት የስም ነው። በአንድ ስም የሚጠሩ አምስት የተለያዩ ነገሮች አሉ።

አንደኛው ያለ ቪዛ መግባት ነው። ኢትዮጵያና ኬንያ ለምሳሌ ለረጅም ዘመን ዜጎቻቸውን ያለ ቪዛ ሲቀባበሉ ኖረዋል። ሁለተኛው ሲደርሱ በአውሮፕላን ማረፊያው የሚሰጥ ቪዛ ነው። ሦስተኛው እውነተኛው ኢ-ቪዛ ነው፤ ከጉዞው በፊት በድረ ገጽ ተጠይቆ፣ ተመርምሮ፣ ሲፈቀድ በኢሜይል ይላካል። ቱርክ ይህንን አሠራር እ.ኤ.አ. በ2013፣ ሕንድ በ2014፣ የእኛዋ ኢትዮጵያ ደግሞ በ2017 ጀምረዋል።

አራተኛው ኤሌክትሮኒክ የጉዞ ፈቃድ የሚባለው ነው። አውስትራሊያ እ.ኤ.አ. በ1996 የጀመረችው፣ አሜሪካና ካናዳም በየራሳቸው ስም የሚሠሩበት ነው። በአብዛኛው የሚሰጠው ፓስፖርታቸው መደበኛ ቪዛ ለማይጠየቅበት አገር ሰዎች ነው። በስዊድን ፓስፖርት የሚጓዝ የአክስትዎ ልጅ «ለአሜሪካ በስልኬ ሞልቼ ፈቃድ አገኘሁ» ቢልዎ እውነቱን ነው፤ በኢትዮጵያ ፓስፖርት ግን ያ በር አይከፈትም።

አምስተኛው ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነው፦ ማመልከቻው ብቻ ኦንላይን የሆነ ቪዛ። የአሜሪካን ቪዛ ቅጽ በቤትዎ ይሞላሉ፤ ቃለ መጠይቁ ግን በኤምባሲው ነው። የካናዳንም በድረ ገጽ ያመለክታሉ፤ ከዚያ የጣት አሻራ መስጠትና ሲፈቀድ ፓስፖርቱን ለቪዛ ማእከል ማስረከብ አለ። የሼንገን ቪዛም እስካሁን ተለጣፊ ነው። የአውሮፓ ኅብረት ወደ ዲጂታል ለመቀየር እ.ኤ.አ. በ2023 ሕግ አውጥቷል፤ ተግባራዊነቱ ግን ዓመታት የሚወስድ ነው። እንዲያውም ኅብረቱ በአፕሪል 2024 ባሳለፈው ውሳኔ ለኢትዮጵያውያን የማመልከቻ መመርመሪያ ጊዜውን ከ15 ቀን ወደ 45 ቀን አራዝሞታል። ስለዚህ አንድ ሰው «የካናዳ ኢ-ቪዛ በሦስት ቀን በቴሌግራም አወጣለሁ» ካለዎት፣ ከመልሱ በፊት ምን ሊሸጥልዎ እንደሆነ ያውቁታል።

ለንደን ያሉ ዘመዶችዎ ደግሞ «ኢ-ቪዛ» ሲሉ ሌላ ነገር ነው የሚያወሩት። እንግሊዝ ለነዋሪዎች ትሰጠው የነበረውን የመኖሪያ ካርድ አስቀርታ ፈቃዱን በኮምፒዩተር መዝገብ ተክታዋለች። እነሱ የሚሉት ያንን የመኖሪያ መዝገብ ነው፤ ለጎብኚ የሚሰጥ አዲስ ቀላል በር አይደለም።

ጥያቄው «የት?» ብቻ አይደለም፤ «በማን ፓስፖርት?» ነው

የከተማ ቤተሰብ ዛሬ አንድ ዓይነት ፓስፖርት ብቻ አይዝም። አባት የኢትዮጵያ፣ እናት የካናዳ፣ ልጅ የአሜሪካ ሊይዙ ይችላሉ። ለአንዱ ያለ ቪዛ የሚከፈት አገር ለሌላው ኤምባሲ ድረስ ያስኬዳል። ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ በመንግሥታዊው ድረ ገጽ ላይ ኢ-ቪዛ የሚሰጣቸውን አገሮች ዝርዝር ከፍቶ ለእያንዳንዱ ተጓዥ ለየብቻ ማረጋገጥ ነው። ዝርዝሩ ስለሚለዋወጥ ጎረቤት ዓምና የነገረዎትን አይያዙ፤ ባመለከቱበት ቀን ያለውን ይመልከቱ።

ፓስፖርቱንም ከዚያው ይመርምሩ። ብዙ አገሮች ከመግቢያው ቀን ጀምሮ ቢያንስ 6 ወር የሚያገለግል እንዲሆን ይጠይቃሉ። ሊያልቅ የተቃረበ ፓስፖርት ካለ አስቀድሞ ማሳደስ፣ ከዚያ ማመልከት ነው። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ ችግር አለ፤ ኢ-ቪዛ የሚታሰረው ከፓስፖርት ቁጥሩ ጋር ነውና በአሮጌው ቁጥር የወጣ ፈቃድ በአዲሱ ላይሠራ ይችላል።

ስም፦ የእኛ የተለየ ፈተና

በዓለም ያሉ የቪዛ ቅጾች «የቤተሰብ ስም» እና «የራስ ስም» ብለው ይጠይቃሉ። እኛ ደግሞ የቤተሰብ ስም የለንም፤ የራስ፣ የአባትና የአያት ስም ነው ያለን። ታዲያ የቤተሰብ ስም በሚለው ሣጥን ውስጥ የሚገባው የትኛው ነው? አንዱ የአባቱን፣ ሌላው የአያቱን ይጽፋል፤ በአንድ ቤት ውስጥ እንኳ ባልና ሚስት የተለያየ ይሞላሉ።

መልሱ በፓስፖርትዎ ላይ ተጽፏል። ፎቶው ካለበት ገጽ ግርጌ ማሽን የሚያነባቸው ሁለት መስመሮች አሉ፤ እያንዳንዳቸው 44 ሆሄያትና ምልክቶች ናቸው። የመጀመሪያውን መስመር ይመልከቱ። ከአገራችን ባለ ሦስት ፊደል መለያ ቀጥሎ የሚጀምረውና ሁለት ተከታታይ የቀስት ራስ የሚመስሉ ምልክቶች እስኪመጡ ድረስ ያለው ለዓለም ኮምፒዩተሮች «የቤተሰብ ስም» ነው። ከሁለቱ ቀስቶች በኋላ ያለው ደግሞ «የራስ ስም» ነው። አየር መንገዱም፣ የኢሚግሬሽን መኮንኑም የሚያነቡት ይህንኑ መስመር ነው። ቅጹን እንደ ልማድዎ ሳይሆን እንደ መስመሩ ይሙሉ፤ የበረራ ትኬቱንም በዚያው ያስይዙ።

ሌላው የአጻጻፍ ጉዳይ ነው። ፀሐይ የሚለው ስም በላቲን ፊደል ሦስትና አራት ዓይነት ይጻፋል። ገብረ ማርያም አንዱ ጋ አንድ ቃል፣ ሌላው ጋ ሁለት ቃል ነው። የአንድ አባት ልጆች ሆነው የአባታቸው ስም በየፓስፖርቱ በተለያየ ፊደል የተጻፈላቸው ወንድምና እህት ብዙ ናቸው። ቅጽ ሲሞሉ «ትክክለኛው አጻጻፍ የቱ ነው?» ብለው አይከራከሩ፤ ለቪዛ ትክክለኛው በፓስፖርቱ ላይ ያለው ብቻ ነው፣ ቢጎድልም ቢተርፍም።

ቀንና ሰዓት፦ ሁለት አቆጣጠር በአንድ ቤት

መስከረም 1 ቀን 2010 ዓ.ም. የተወለደች ልጅ በፓስፖርቷ ላይ የተወለደችው ሴፕቴምበር 11 ቀን 2017 ነው። ይህንን ሁላችንም እናውቃለን፤ ግን በችኮላ ከትምህርት ቤት ወረቀት ወይም ከክትባት ካርድ እያዩ ሲሞሉ የኢትዮጵያው ቀን ሾልኮ ይገባል። የፓስፖርቱን ቀን ብቻ ይገልብጡ። አንዳንዱ ቅጽ ቀኑን አስቀድሞ፣ ሌላው ወሩን አስቀድሞ እንደሚጠይቅም ያስተውሉ፤ 05 እና 06 ቦታ ቢለዋወጡ ኮምፒዩተሩ ስህተት መሆኑን አያውቅም።

የሰዓቱ ጉዳይ ደግሞ ብዙ ቤተሰብ የሚያስቀጣ ነው። በቲኬቱ ላይ ሐሙስ 00፡30 የሚል በረራ በእኛ አነጋገር ረቡዕ ሌሊት ስድስት ሰዓት ተኩል ነው። «ሐሙስ ነው» ብሎ ሐሙስ ማታ ሻንጣ ይዞ የሄደ ሰው በረራው ካመለጠው ቆይቷል። ከቪዛ ጋር ሲገናኝ ደግሞ ይከብዳል፤ ቪዛዎ ረቡዕ የሚያበቃ ከሆነና በረራዎ ሐሙስ 00፡30 ከሆነ፣ በመዝገብ አንድ ቀን ተርፈው እንደቆዩ ሊቆጠር ይችላል። መመለሻዎን ቪዛው ከሚያበቃበት ቀን ቢያንስ ሁለት ቀን ቀደም ያድርጉት።

ልጆች ሲጓዙ

ለእያንዳንዱ ልጅ፣ ለጨቅላም ቢሆን፣ የራሱ ፓስፖርትና የራሱ ማመልከቻ ያስፈልጋል። ከዚያ የሚመጣው ከአንዱ ወላጅ ጋር ብቻ የመጓዝ ጥያቄ ነው። በእኛ አገር ሴት ልጅ ስታገባ ስሟን አትቀይርም፤ ልጅ ደግሞ የሚጠራው በአባቱ ነው። ስለዚህ የእናትና የልጅ ፓስፖርት ላይ አንድም የሚመሳሰል ስም የለም። ይህንን ባህል የማያውቅ መኮንን «የልጁ እናት መሆንሽን በምን አውቃለሁ?» ብሎ ቢጠይቅ ክፋት አይደለም፤ ሕፃናት እንዳይሰረቁ የሚደረግ ጥበቃ ነው።

ስለዚህ ከወሳኝ ኩነት ምዝገባ የወጣ፣ የሁለቱንም ወላጆች ስም የያዘ የልደት ምስክር ወረቀት ይያዙ። አንዱ ወላጅ የማይጓዝ ከሆነ በሰነዶች ማረጋገጫ የተረጋገጠ የስምምነት ደብዳቤ፣ በእንግሊዝኛ ተተርጉሞ፣ አብሮ ይሁን። የድረ ገጹ ቅጽ ይህንን ላይጠይቅ ይችላል፤ ቪዛው ከመጣም በኋላ ግን ወረቀቱን ሊጠይቁ የሚችሉ የአየር መንገድ ሠራተኞችና የድንበር መኮንኖች አሉ።

ትክክለኛው በር የቱ ነው?

የአንድን አገር ስምና «ኢ-ቪዛ» የሚለውን ቃል ጽፈው ሲፈልጉ ከላይ የሚወጡት ብዙ ጊዜ የተከፈለባቸው ማስታወቂያዎች ናቸው። ባንዲራ አላቸው፣ የመንግሥት የሚመስል አርማ አላቸው፣ ቅጻቸውም ያማረ ነው። አንዳንዶቹ ማመልከቻውን ወስደው በእጥፍ አስከፍለው ራሳቸው ወደ መንግሥቱ ድረ ገጽ የሚያስገቡ ደላሎች ናቸው። ሌሎቹ ገንዘቡንም የፓስፖርትዎንም ቅጂ ወስደው የሚጠፉ ናቸው። ሁለተኛው የከፋ ነው፤ የፓስፖርት ቅጂዎ በማን እጅ እንደገባ አያውቁምና።

መለያው የአድራሻው መጨረሻ ነው። የሕንድ መንግሥት ድረ ገጽ «ጎቭ ዶት ኢን» ብሎ ያልቃል፤ የኢትዮጵያው «ጎቭ ዶት ኢቲ» ብሎ ያልቃል። ከዚህ ውጭ የሆኑ አገሮችም አሉ፤ ያን ጊዜ አስተማማኙ መንገድ የአገሩን ኤምባሲ ድረ ገጽ ከፍቶ ከዚያ በተሰጠው ማገናኛ መግባት ነው። የጉዞ ወኪል መጠቀም ነውር የለውም፤ ጊዜ ለሌለው ሰው ይጠቅማል። ግን ወኪሉን ሁለት ነገር ይጠይቁት፦ ከሚከፍሉት ውስጥ የመንግሥት ክፍያው ስንት የአገልግሎቱ ስንት እንደሆነ፣ እንዲሁም ማመልከቻው ከመላኩ በፊት የተሞላውን ቅጽ እንዲያሳይዎት። ስምዎን የሚያውቁት እርስዎ ነዎት።

ቪዛው ሲመጣም ማረጋገጥ ይቻላል። ብዙ መንግሥታዊ ድረ ገጾች የማመልከቻ ቁጥርና የፓስፖርት ቁጥር አስገብተው የፈቃዱን ሁኔታ የሚያዩበት ቦታ አላቸው። በወረቀቱ ላይ ያለው ቁጥር በመንግሥቱ ድረ ገጽ ላይ ካልተገኘ፣ የያዙት ያማረ ሥዕል ብቻ ነው።

ክፍያው

ኢ-ቪዛ የሚከፈለው በዓለም አቀፍ ካርድ ነው፤ በአብዛኛው በዶላር። እዚህ ላይ የእኛ አገር ቤተሰብ የሚያውቀው ዙሪያ ጥምጥም አለ። ባንክ ለጉዞ የውጭ ምንዛሪ ለመስጠት ፓስፖርት፣ ቲኬትና ቪዛ ይጠይቃል፤ ቪዛውን ለማውጣት ደግሞ አስቀድሞ የውጭ ምንዛሪ ያስፈልጋል። መውጫው ዓለም አቀፍ የክፍያ ካርድ ከሚሰጡ ባንኮች ጋር አስቀድሞ መነጋገር ወይም ውጭ ያለ ዘመድ በካርዱ እንዲከፍል ማድረግ ነው። ዘመድ ከሆነ ካርዱን ብቻ ይስጥ፤ ቅጹን ፓስፖርቱን በእጁ የያዘ ሰው ይሙላ። ከሩቅ ሆኖ በስልክ እየሰማ የሚሞላ ሰው ፊደል ይስታል።

የተከፈለ ገንዘብ ማመልከቻው ውድቅ ቢሆንም፣ በራስዎ ስህተት ቢበላሽም በአብዛኛው አይመለስም። አራት ሰው ላለው ቤተሰብ ስህተቱ በአራት ይባዛል።

አንድ ምሳሌ፦ ለሕክምና ወደ ሕንድ

ከአዲስ አበባ ወደ ሕንድ የሚሄደው ብዙው ቤተሰብ ለሽርሽር አይደለም፤ ታማሚ ይዞ ነው። ስለዚህ ይህ ጉዞ ጥሩ ምሳሌ ይሆናል። ሕንድ የምትሰጣቸው ኢ-ቪዛዎች በዓላማ ይለያያሉ፤ ለጎብኚ፣ ለንግድ፣ ለታማሚ፣ ለአስታማሚ እየተባሉ። ለታማሚ የሚሰጠው ከመጀመሪያው መግቢያ ቀን ጀምሮ ለ60 ቀን የሚያቆይና ሦስት ጊዜ የሚያስገባ ነው። ከአንድ ታማሚ ጋር እስከ ሁለት አስታማሚ የራሳቸውን ቪዛ ማግኘት ይችላሉ።

«የጎብኚው ይቀላል፣ በእሱ ገብተን እንታከማለን» የሚል ምክር ይሰማሉ። አይስሙ። ሆስፒታሎች የቪዛውን ዓይነት ይጠይቃሉ፤ ሕክምናው ከተራዘመም ማራዘሚያ ለመጠየቅ የቪዛው ዓላማ ወሳኝ ነው። በቅድሚያ ሆስፒታሉ በራሱ አርማ ባለበት ወረቀት ላይ የጻፈው ደብዳቤ ያስፈልጋል፤ በደብዳቤው ላይ ያለው የታማሚው ስም ከፓስፖርቱ ጋር አንድ መሆኑን ይመልከቱ። ፎቶው ነጭ ጀርባ ያለው አራት ማዕዘን ይሁን፤ የፓስፖርቱ ቅጂ ብርሃን ያላንጸባረቀበት፣ ከታች ያሉት ሁለት መስመሮች ጥርት ብለው የሚነበቡበት ይሁን። ፓስፖርቱ ላይም ቢያንስ ሁለት ባዶ ገጾች ሊኖሩ ይገባል። ሕክምናው ብዙ ወራት እንደሚወስድ አስቀድሞ ከታወቀ ደግሞ በኤምባሲው በኩል መደበኛውን የሕክምና ቪዛ መጠየቅ ይሻላል።

በኢ-ቪዛ ወደ ሕንድ የሚገባው በተወሰኑ አውሮፕላን ማረፊያዎችና ወደቦች ነው፤ ዴልሂ፣ ሙምባይ፣ ቤንጋሉሩ፣ ቼናይና ሃይደራባድ ከእነሱ ውስጥ ናቸው። በኢሜይል የመጣው ወረቀት የመጨረሻ ማኅተምም አይደለም፤ ሲደርሱ አሻራና ፎቶ ይወሰዳል፣ መኮንኑ ያን ጊዜ ይፈቅዳል።

ኢትዮጵያ የቢጫ ወባ ስጋት ካለባቸው አገሮች መካከል ስለምትቆጠር ሕንድ የክትባት ምስክር ወረቀት አጥብቃ ትጠይቃለች። ክትባቱ ከጉዞው ቢያንስ 10 ቀን በፊት መወሰድ አለበት፤ አንዴ ከተወሰደ ምስክር ወረቀቱ ዕድሜ ልክ ያገለግላል። ቪዛው በስልክዎ ቢሆንም ይህቺ ቢጫ ደብተር በእጅ መያዝ አለባት። ለታማሚ ግን ክትባቱ ራሱ ላይስማማ ስለሚችል አስቀድመው ሐኪምዎን ያማክሩ።

ቪዛውን ማንበብ

ቪዛው ሲመጣ «ተፈቅዷል» የሚለውን ብቻ አይተው አይዝጉት። አራት መስመሮችን ይፈልጉ፦ የቪዛው ዓይነት፣ እስከ መቼ መግባት እንደሚቻል፣ ከገቡ በኋላ ስንት ቀን መቆየት እንደሚቻል፣ እና ስንት ጊዜ እንደሚያስገባ። ሁለተኛውና ሦስተኛው የተለያዩ ናቸው። «እስከ ሰኔ 30 ይግቡ» ማለት እስከ ሰኔ 30 ይቆዩ ማለት አይደለም፤ በተቃራኒውም እንዲሁ። አንድ ጊዜ ብቻ የሚያስገባ ቪዛ ይዘው ለሁለት ቀን ወደ ጎረቤት አገር ብቅ ቢሉ መመለሻው ተዘጋ ማለት ነው።

ዱባይ ለዚህ ጥሩ ማስተማሪያ ነው። ለኢትዮጵያዊ የሚሰጠው የጉብኝት ቪዛ በአየር መንገድ፣ በሆቴል፣ በጉዞ ወኪል ወይም እዚያ በሚኖር ዘመድ በኩል የሚወጣና 30 ወይም 60 ቀን የሚያቆይ ነው። ከቀኑ ያለፈ ሰው ለእያንዳንዱ ቀን 50 ድርሃም ይቀጣል። ለአምስት ሰው ቤተሰብ አራት ቀን ቢዘገይ 1,000 ድርሃም ነው።

የዓይነቱ መስመር ደግሞ የሰው ሕይወት ይዳስሳል። ቤትዎ የምትሠራው ልጅ ወይም እህቷ አንድ ቀን ስልኳን ይዛ መጥታ «ቪዛዬ መጣ፣ አንብቡልኝ» ልትልዎ ትችላለች። የመጀመሪያውን መስመር ያንብቡላት። ጉብኝት የሚል ከሆነ በእሱ ሥራ መሥራት አይፈቀድም፤ ደመወዝ ቢቀርባት፣ ፓስፖርቷ ቢወሰድባት የሚከራከርላት ውል የለም። ይህንን በቀስታ ንገሯት፤ ምናልባት ሌላ የሚነግራት ሰው የለም።

መተላለፊያው

የመድረሻው አገር ቪዛ የመንገዱን አገር አይሸፍንም። በአንድ ቲኬት ተያይዞ፣ ሻንጣው እስከ መጨረሻው ተመዝግቦ፣ ከአውሮፕላን ማረፊያው ሳይወጡ ማለፍ አንድ ነገር ነው። በርካሽ የተገኙ ሁለት የተለያዩ ቲኬቶች ደግሞ ሻንጣ ለመውሰድና እንደገና ለመመዝገብ ወደ አገሩ መግባት ሊያስገድዱ ይችላሉ፤ ያ ደግሞ ቪዛ ይጠይቃል። በሼንገን አገሮች በኩል ለማለፍ ለምሳሌ የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ሰው ከአውሮፕላን ማረፊያው ባይወጣም እንኳ የመተላለፊያ ቪዛ ከሚጠየቁ አገሮች ዝርዝር ውስጥ ነው፤ እንደ አሜሪካ ወይም ካናዳ ያሉ አገሮች ቪዛ ወይም መኖሪያ ላለው ሰው የተለየ ሕግ አለ። በቲኬቱ የተገኘው ቅናሽ በፍራንክፈርት ምክንያት ቦሌ ላይ ሊቀር ይችላል።

እንግዶቹ ወደ እኛ ሲመጡ

በበዓል ሰሞን ጥያቄው ይገለበጣል። ዋሽንግተን ወይም ስቶክሆልም የተወለዱት የወንድም ልጆች አያታቸውን ሊያዩ ይመጣሉ። ኢትዮጵያ ጥምር ዜግነት ስለማትፈቅድ የሌላ አገር ፓስፖርት የያዘ ሁሉ፣ ስሙ ምንም ያህል የእኛ ቢሆን፣ በሕግ የውጭ አገር ዜጋ ነው። ለእነሱ ያለው አንዱ መንገድ በኢትዮጵያ ኢ-ቪዛ መምጣት ነው። ሌላው በአዋጅ ቁጥር 270/1994 የተፈቀደው የትውልደ ኢትዮጵያ መታወቂያ ነው፤ ሰዉ «ቢጫ ካርድ» የሚለው። ይህንን የያዘ ሰው ለመግባት ቪዛ አያስፈልገውም። በየዓመቱ ለሚመጣ ቤተሰብ መታወቂያው ይሻላል፤ ለአንድ ጊዜ ለሚመጣ ኢ-ቪዛው ይበቃል። ከክትባቱ ቢጫ ደብተር ጋር ግን እንዳይምታታባቸው ይንገሯቸው።

ሲያመለክቱ ልጆቹ በየፓስፖርታቸው ባለው ስም ይሙሉ። አያት ያወጡላቸው ስም የቤት ስም ነው።

ቦሌ ላይ

ቪዛዎን ቀድሞ የሚመረምረው የኢሚግሬሽን መኮንን አይደለም፤ የአየር መንገዱ የመመዝገቢያ ሠራተኛ ነው። ትክክለኛ ሰነድ የሌለው መንገደኛ ያደረሰ አየር መንገድ በብዙ አገሮች ይቀጣል፣ መንገደኛውንም ራሱ ይመልሳል። ስለዚህ ሠራተኛው አየር መንገዶች የሚጠቀሙበትን «ታይማቲክ» የተባለ የጉዞ ሰነድ መረጃ ከፍቶ ያመሳክራል። ከእሱ ጋር «ስልኬ ውስጥ ነበር፣ አሁን ኔትወርክ የለም» የሚል ንግግር ውስጥ እንዳይገቡ ቪዛውን በሁለት ቅጂ ያትሙ፤ አንዱን በእጅ ቦርሳ፣ ሌላውን በባለቤትዎ ዘንድ ያስቀምጡ። ከእሱ ጋር የመመለሻ ቲኬት፣ የሆቴል ማረጋገጫ ወይም የሚያስተናግድዎ ሰው አድራሻ፣ የልጆች ልደት ምስክር ወረቀትና የክትባት ደብተር በአንድ ክላሴር ይሁኑ።

ከመላክዎ በፊት አንድ ምሽት

ኢ-ቪዛን በምሳ ሰዓት፣ በቢሮ፣ በስልክ ላይ አይሙሉ። አንድ ምሽት ይመድቡለት። ፓስፖርቶቹን ሁሉ ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጡ። አንዱ ይሙላ፤ ሲጨርስ ግን የሞላው ሰው አያመሳክር፣ ዓይን የጻፈውን ደግሞ ትክክል ያደርገዋልና። ሌላው ሰው ፓስፖርቱን ይዞ ፊደል በፊደል፣ ቁጥር በቁጥር ጮክ ብሎ ያንብብ፤ የሞላው ሰው በቅጹ ላይ እየተከተለ ይይ። ፊደል የለየ ልጅ ካለ ይህንን ሥራ ለእሱ ይስጡት፤ ልጆች የጎደለ ፊደል ማግኘት ይወዳሉ።

ስም፣ የልደት ቀን፣ የፓስፖርት ቁጥር፣ የሚያበቃበት ቀን፣ የመግቢያ ቀን። አምስቱ ለእያንዳንዱ ሰው ሲጣጣሙ «ላክ» የሚለውን ይጫኑ። ከዚያ ቡናው ይፈላ።